ጊዜያችን በዝርዝር ነው የሚመጣው፦ ከከተማ ዳር ሆኖ ዘመንን መዋጀት

ከሦስት ዓመት በፊት አንድ እሑድ ከቅዳሴ ተመልሼ የሳምንት ፕሮግራም አወጣሁ። በማስመሪያ አሰመርኩት፤ ሦስት ዓይነት እስክሪብቶ ተጠቀምኩ። ሌሊት ከ10 እስከ 11 ሰዓት ጸሎት። ከ11 እስከ 11 ተኩል መጽሐፍ ቅዱስ። ማታ ከ1 እስከ 2 ከልጆች ጋር ጥናት። ከ2 እስከ 3 ንባብ። ፍሪጅ ላይ ለጠፍኩት። ባለቤቴ ቆማ አነበበችውና "ይሄ ሰውዬ የት ነው የሚኖረው?" አለችኝ።

እኛ የምንኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። የምሠራው ሜክሲኮ አካባቢ ነው። ሰኞ ሌሊት 8 ሰዓት ላይ ውሃ መጣ፤ ጀሪካን ስንሞላ ነጋ። ማክሰኞ ታክሲ ጠፍቶ ቤት የገባሁት 2 ሰዓት ተኩል ነው። ረቡዕ ለቅሶ ነበር። ሐሙስ ልጄ ወረቀቱን ከፍሪጁ ላይ አንስቶ ጀርባው ላይ ዶሮ ሳለበት።

ባለቤቴ ትክክል ነበረች። ያ ሰውዬ መሀል ከተማ የሚኖር፣ ውሃ የማይጠፋበት፣ መኪና ያለው፣ ዘመድ ደግሞ የሌለው ሰው ነው። ለእሱ ያወጣሁትን ፕሮግራም እኔ ልኖርበት ሞከርኩ።

ከከተማ ዳር የምንኖር ሰዎች "ጊዜ የለኝም" ማለት እንወዳለን። አለን። ግን እንደ ድፍን ብር አይመጣም፤ በዝርዝር ነው የሚመጣው። ሩብ ሰዓት ሰልፍ ላይ፣ ሃምሳ ደቂቃ ታክሲ ውስጥ፣ ስምንት ደቂቃ ጀሪካን እስኪሞላ። ድፍኑን የሚጠብቅ ሰው ዝርዝሩን ሳያውቀው ይጨርሰዋል።

ቅዱስ ጳውሎስ ለኤፌሶን ሰዎች "ቀኖቹ ክፉዎች ናቸውና ዘመኑን ግዙ" ብሎ ጽፏል (ኤፌ. 5፥16)። ሌላው ትርጉም "ዋጁ" ይላል፤ ሰባኪዎቻችን የለመዱትም ይሄኛውን ነው። እኔ ግን "ግዙ" የሚለው ይጥመኛል። የግሪኩም ቃል የገበያ ቃል ነው። ገበያ የወጣ ሰው የሚገዛው ደግሞ ኪሱ ውስጥ ባለው ነው። ጳውሎስ ይህን ሲጽፍ እስረኛ ነበር፤ እዚያው መልእክት መጨረሻ ላይ ራሱን በሰንሰለት የታሰረ መልእክተኛ ይላል። ጊዜው በእጁ ያልነበረ ሰው ነው ጊዜ ግዙ ያለን። የታክሲ ሰልፍ መቼም ከሰንሰለት ይሻላል።

ከዚህ በታች ያለውን እየወደቅኩ ነው የተማርኩት። የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ልጅ ስለሆንኩ ምሳሌዎቼ ከዚያ ናቸው። ፊት ለፊት ያለው ጎረቤቴ ፕሮቴስታንት ነው። ግማሹን እሱም ይሠራበታል፤ ግማሹን እኔ ከእሱ ነው የወሰድኩት።

1. ፕሮግራም ከማውጣት በፊት ሦስት ቀን መዝግቡ

ኪስ የሚገባ ትንሽ ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ አትጻፉ፤ ልትጽፉ ከፍታችሁት ቴሌግራም ላይ ነው የምትገኙት። ሁለት የሥራ ቀንና አንድ ቅዳሜ ምረጡ። በየሦስት ሰዓቱ፣ ማለትም በ3፣ በ6፣ በ9፣ በ12 እና ማታ በ3 ሰዓት፣ ቆም ብላችሁ ያለፈውን ሦስት ሰዓት በጥቂት ቃል አስፍሩ። "ሰልፍ 25፣ ታክሲ 50፣ ቡና 15።" በቃ። አታሳምሩት። ደብተሩን ሰው አያየውም፤ የሚያየው አንዱም ቀድሞ ያውቀዋል።

በሦስተኛው ቀን ማታ የስልካችሁን ሴቲንግ ክፈቱ። አንድሮይድ ላይ ዲጂታል ዌልቢንግ፣ አይፎን ላይ ስክሪን ታይም የሚል አለ። በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ እንደቆያችሁ፣ በየትኛው አፕ እንደሆነም ይነግራችኋል። የእኔ 2 ሰዓት ከ40 ደቂቃ አለ። ስልኩ ተሳስቷል ብዬ ተከራከርኩ። ባለቤቴ "እሺ ያንተ ይሳሳት፤ የኔም ተሳስቷል?" ብላ የራሷን አሳየችኝ። 3 ሰዓት ከ10።

2. መንገዱን በሂሳብ አስሉት

ይሄ አጭር ነው፤ ግን አትዝለሉት። እኔ ለመሄድ አንድ ሰዓት ተኩል፣ ለመመለስ አንድ ሰዓት ተኩል ይፈጅብኛል። በቀን 3 ሰዓት። በሳምንት 15። እረፍትና በዓል ወጥቶለት በዓመት 48 ሳምንት ብሠራ 720 ሰዓት። ለ24 ስታካፍሉት ልክ 30 ቀን ይመጣል። ሌሊትና ቀን ሳይባል አንድ ሙሉ የኢትዮጵያ ወር መንገድ ላይ ነኝ ማለት ነው። ሌላው ሰው አሥራ ሦስት ወር ሲኖረው እኔ አሥራ ሁለት አለኝ። ይህን ካወቅኩ በኋላ ታክሲን እንደ ባከነ ጊዜ ማየት አቆምኩ። የሕይወቴን አንድ ወር ባከነ ብዬ መተው አልቻልኩም።

3. ቀኑን በተተከለለት ምሰሶ ላይ አስሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የሚያኮራን ነገር ስላለ።

ጌታ "ቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት አይደለምን?" ብሏል (ዮሐ. 11፥9)። ለሌላው ዓለም ይሄ ማብራሪያ የሚያስፈልገው ቃል ነው። ለእኛ የግድግዳችን ሰዓት ነው። በማቴዎስ 20 ያለው የወይን አትክልት ባለቤት ማልዶ ወጣ፣ ከዚያ በ3 ሰዓት፣ በ6፣ በ9፣ በመጨረሻም በ11 ሰዓት። ሠራተኞቹ በጠዋት አካፋና ዲጂኖ ይዘው አደባባዩ ላይ ሥራ የሚጠብቁትን ልጆች ይመስሉኛል። 11 ሰዓትም ምን ዓይነት ሰዓት እንደሆነ ማንም አያስረዳንም። ከሥራ ወጥተን ሰልፍ የምንይዝበት ነው። ጴጥሮስና ዮሐንስ ወደ መቅደስ የወጡትም በ9 የጸሎት ሰዓት ነው (ሐዋ. 3፥1)።

አባቶቻችን ሰባቱን የጸሎት ጊዜያት ያቆሙት በእነዚሁ ሰዓቶች ላይ ነው። ነግህ ጠዋት 12፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6፣ ተሰዓት 9፣ ሠርክ 11፣ ንዋም ማታ 3፣ መንፈቀ ሌሊት 6 ሰዓት። እያንዳንዱ የሚታሰብበት ነገር አለው፤ በ3 ሰዓት መንፈስ ቅዱስ ወረደ፣ በ6 ጌታ ተሰቀለ፣ በ9 ነፍሱን ሰጠ። ቀኑ ምሰሶ ተተክሎለታል ማለት ነው። እኛ የራሳችንን ልንተክል እንለፋለን።

ታዲያ እንዴት ይጀመራል? ሰባቱንም በአንዴ አትያዙ። እኔ ይዤ በአራተኛው ቀን ወድቄያለሁ። ሁለት ምረጡ፤ ነግህንና ከሥራ ሰዓት አንዱን። እኔ ሠለስትን መረጥኩ፤ ምክንያቱም 3 ሰዓት ላይ ቢሮ ገብቼ ኮምፒውተሬን እከፍታለሁ። ኮምፒውተሩ አሮጌ ነው፤ እስኪነሳ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል። ድሮ እየተራገምኩ እጠብቀው ነበር። አሁን አቡነ ዘበሰማያት ደግሜ ስጨርስ እሱም ይነሳል። አንድ ወር ሳታቋርጡ ከሄዳችሁ ሦስተኛውን ጨምሩ። የንስሐ አባት ካላችሁ ደግሞ ከእሳቸው ጋር ተማክሮ መጀመር ይሻላል፤ ከአቅም በላይ ተሸክሞ ከመውደቅ ያድናል።

ለንባቡም እንዲሁ ነው። መዝሙረ ዳዊት 150 ነው። የእኛ ወር ደግሞ ሁልጊዜ 30 ቀን። በቀን አምስት ስታነቡ በየወሩ በ30 ትጨርሳላችሁ። በዚህ ረገድ የእኛን አቆጣጠር የሚያህል የለም። (መዝሙር 118 የደረሰ ቀን ግን እንዳትደነግጡ፤ 176 ቁጥር ነው። በሁለት ቀን ክፈሉት።) ውዳሴ ማርያምም ለሰባቱ ቀን ለየብቻው የተከፈለ ስለሆነ የዛሬውን ብቻ መያዝ ይቻላል።

4. መንገዱን ለሦስት ክፈሉት

መንገድ አንድ ነገር አይደለም። ሰልፍ አለ፣ ወንበር አለ፣ መመለስ አለ። ሦስቱም ጠባያቸው ይለያያል።

ሰልፍ ላይ መጽሐፍ አይነበብም። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ጠዋት ቱሉ ዲምቱ የሚነፍሰውን ንፋስ የሚያውቅ ሰው እጁን ከኪሱ አያወጣም። ስልክ ማውጣትም አደጋ አለው። ስለዚህ ሰልፍን ለሰው ሰጠሁት። ደብተሬ ላይ ለየቀኑ ሁለት ስም አለ፤ የታመመ ዘመድ፣ ሥራ የፈታ ጓደኛ፣ የተጣላሁት ሰው። ሰልፉ እስኪደርስ ስለ ሁለቱ በልቤ እጸልያለሁ። አንድ ቀን ከፊቴ የተጣላሁት ሰው ራሱ ቆሞ አገኘሁት። ሰላም ከማለት በቀር ምርጫ አልነበረኝም።

ወንበር ከተገኘ ማዳመጥ ነው። ቤት ዋይፋይ ያለው፣ ከሌለውም ከቢሮ፣ እሑድ ወይም ዓርብ የሳምንቱን አውርዱ። አንድ የመጽሐፍ ቅዱስ መጽሐፍ በድምፅ፣ አንድ ስብከት። ከዚያ አትለፉ። በቀን አራት ስብከት የሚሰማ ሰው አውቃለሁ፤ ራሴን ነው። አንዱንም አላስታውስም ነበር። አሁን አንድ ስብከት በሳምንት ሁለት ጊዜ እሰማና ማታ እራት ላይ ለቤተሰቡ አንድ ነገር እነግራለሁ። ልንገራቸው ብዬ ስለማስብ በደንብ እሰማለሁ። ያለ ኢርፎን አትክፈቱ። መዝሙርም ቢሆን፣ ከጎን ያለው ሰው ሌሊቱን ሙሉ ውሃ ሲቀዳ ያደረ ሊሆን ይችላል።

መመለስ ላይ ግን ምንም አታቅዱ። ደክሟችኋል። እንቅልፍ ከመጣ ተኙ፤ መዝሙሩ እንቅልፍን የእግዚአብሔር ስጦታ ያደርገዋል (መዝ. 126፥2)። ብቻ ረዳቱን "ቱሉ ዲምቱ ስትደርስ ቀስቅሰኝ" በሉት። እኔ ሳልል ተኝቼ ፌርማታዬን አልፌ፣ በጨለማ ወደ ኋላ በእግሬ ተመልሻለሁ።

5. ስልኩን በፓኬጁ ያዙት

ስለ ስልክ ብዙ ተብሏል። እኔ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ያልተገደበ የወር ፓኬጅ ስገዛ ሌሊት 6 ሰዓት ድረስ ቲክቶክ ላይ ነበርኩ። ልኩ የታወቀ ፓኬጅ ስገዛ ደግሞ "ሊያልቅብኝ ነው፣ ሳይቃጠል ልጠቀም" እያልኩ ያንኑ አደረግኩ። የሠራልኝ ትንሽ የሳምንት ፓኬጅ ገዝቶ ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ ዳታ ማጥፋት ነው። ስልኩን ቻርጅ የማደርገው ሳሎን ነው እንጂ መኝታ ቤት አይደለም። ለመቀስቀሻ ከመርካቶ ባለ ባትሪ ሰዓት ገዛሁ። ድምፁ ያስጠላል፤ ግን ቪዲዮ አያሳይም።

6. ውሃ የሚመጣበት ሌሊት

ውሃ የእኛ ብሎክ በፈረቃ ነው የሚደርሰው፤ ሲደርስም ቀጭን ነው። ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለመሙላት ስምንት ደቂቃ ያህል ይፈጃል። አምስት ጀሪካን አርባ ደቂቃ። ድሮ እኔና ባለቤቴ በዚያ አርባ ደቂቃ የምንጨቃጨቀው "ያንተ ተራ ነው፣ ያንቺ ተራ ነው" በማለት ነበር። አሁን ውሃው ማታ ከመጣ ትልቁ ልጄ ከእኔ ጋር ነው። በየጀሪካኑ አንድ ታሪክ። የሳምራዊቷ ሴት፣ ርብቃ ለግመሎች ስትቀዳ፣ ሙሴ ዓለቱን ሲመታ። የውሃ ታሪክ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ሞልቷል፤ ብዙ ወር አያልቅም። ባለፈው ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ብቻዬን ስቀዳ ድምፁን ሰምቶ እያዛጋ መጣና "ለምን አልቀሰቀስከኝም?" አለኝ። መልሼ አስተኛሁት። ሌሊቱ የእንቅልፍ ነው፤ እሱን አትንኩ።

7. ቀጠሮ ማክበር

የሀበሻ ቀጠሮ እያልን እንስቃለን። እኔ ግን ከሁሉም በላይ የምንዋሸው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ካልሲ እያደረግን "መንገድ ላይ ነኝ" እንላለን። ቃሊቲ ላይ ሆነን "ደረስኩ፣ ጎተራ ነኝ" እንላለን። ጾም እንጾማለን፣ እናስቀድሳለን፣ ከዚያ በቀን ሦስት ጊዜ እንዋሻለን፤ ማንም እንደ ውሸት አይቆጥረውም። ጌታ ቃላችሁ አዎን አዎን ወይም አይደለም አይደለም ይሁን ነው ያለው (ማቴ. 5፥37)። "እየመጣሁ ነው" በመሀል የለም።

ሂሳቡም ከባድ ነው። ባለፈው ዓመት የማኅበር ስብሰባ ነበረን። አሥር ሰው በሰዓቱ ተገኝቶ የሂሳብ ደብተሩን የያዘውን ሰው ጠበቀ። ሰላሳ ደቂቃ። አሥር ሰው በሰላሳ ደቂቃ አምስት ሰዓት ነው። ከአሥር ሰው ኪስ ብር ቢወስድ ሌባ እንለው ነበር። ሰውየው ላይ አትፍረዱ፤ ደብተሩን የያዝኩት እኔ ነበርኩ።

ከዚያ ወዲህ የማደርገው እንዲህ ነው። ቀጠሮ ስቀበል የምነግረው መንገዱ ክፉ በሆነበት ቀን የምደርስበትን ሰዓት ነው እንጂ በደህናው ቀን የምደርስበትን አይደለም። ሜክሲኮ 10 ሰዓት ከተባልኩ 8 ሰዓት ላይ እወጣለሁ። ቀድሜ ከደረስኩ ያቺ የተረፈች ጊዜ የዚያን ቀን ዳዊት ናት። ከዘገየሁ ያለሁበትን ትክክለኛ ቦታ እናገራለሁ፤ "ገና ሳሪስ ነኝ፣ አርባ ደቂቃ ይፈጅብኛል፣ ጀምሩ።" መጀመሪያ ያፍራል ሰው። ሦስተኛው ላይ ይለመዳል። "እግዚአብሔር ቢፈቅድ" የሚለውንም ለማርፈጃ አልጠቀምበትም። ያዕቆብ ይህን እንድንል ያዘዘን (ያዕ. 4፥15) ነገን የያዝን እንዳይመስለን ነው።

እምቢ ማለትም እዚህ ይገባል። ሁሉም ሰርግ፣ ሁሉም ልደት፣ ሁሉም ምርቃት ላይ መገኘት አይቻልም። ለቅሶና የታመመ መጠየቅ ላይ ግን አልደራደርም። ለሰርጉ ደውሎ እንኳን ደስ ያላችሁ ማለት ይበቃል፤ ለቅሶ በስልክ አይሆንም።

8. ለማንም ያልተሰጠ ሁለት ሰዓት

ምድር ቤት የሚኖሩ አንዲት እናት አሉ፤ እማማ ነው የምንላቸው። አራተኛ ፎቅ ያለችው ልጃቸው ስትወልድ ሊያርሷት መጥተው ቀሩ። ቀን ቀን እሷ ዘንድ ነው የሚውሉት። አንድ ቅዳሜ በሬን አንኳኩ።

"ልጄ፣ ይቺን ዱቄት ላይ ድረስ ታወጣልኛለህ? ወፍጮ ቤት ደርሼ መጥቼ ነው።"

"እሺ እማማ፣ ትንሽ ቆይቼ።"

ትንሽ ቆይቼ ስወጣ ደረጃው ላይ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ሁለተኛው ፎቅ ድረስ ራሳቸው ተሸክመውት ወጥተዋል። ነጠላቸው ላይ ዱቄት ተበትኗል። ጉልበታቸውን ይዘው ያሹታል።

"ሥራ ይዘህ መስሎኝ ነው" አሉኝ።

ሥራ አልያዝኩም ነበር። ስልኬን ነበር የያዝኩት።

የዚያን ቀን ማታ ደብተሬ ላይ ቅዳሜ ከ3 እስከ 5 ሰዓት ያለውን በካሬ ከብቤ "ለሰው" ብዬ ጻፍኩ። ምንም አላቅድበትም። ሰው ካልመጣ እንጨት እጠርባለሁ፣ ከልጆቹ ጋር ኳስ እጫወታለሁ። አብዛኛውን ጊዜ ግን ይመጣል። ፕሮግራማችሁ ውስጥ ባዶ ቦታ ከሌለ የሚመጣው ሰው ሁሉ እንቅፋት ነው የሚመስላችሁ። በኢያሪኮ መንገድ የወደቀውን አይተው ያለፉት ካህንና ሌዋዊም ቀጠሮ ሳይኖራቸው አይቀርም።

9. እሑድን ቅዳሜ ማታ አስጀምሩ

እሑድ የሚበላሸው ቅዳሜ ነው። ልብስ ማጠቡ፣ ሽንኩርት መክተፉ፣ የልጆች ጫማ ፍለጋው እሑድ ጠዋት ከዋለ ቅዳሴ የሚደረሰው ወንጌል ከተነበበ በኋላ ነው። ቅዳሜ 11 ሰዓት ላይ ነጠላና ጫማ በር ጋ አስቀምጡ። ቤተ ክርስቲያናችን በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ቅዳሜንም እሑድንም ሰንበት ብላ አጽንታለች፤ እኛ አንዱንም በቅጡ አላከበርንም። ከቅዳሴ በኋላ ቡና ይፈላ፣ ዘመድ ይጠየቅ፣ ይተኛ። የቢሮ ኢሜይል አይከፈትም።

10. ጳጉሜ ላይ ሂሳብ ዝጉ

የሳምንት ግምገማ፣ የወር ግምገማ የሚባለውን ሞክሬ አልሆነልኝም። ጳጉሜ ግን ይሆናል። አምስት ቀን ናት፣ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት። ከአሮጌውም ከአዲሱም ዓመት አይደለችም ማለት ይቻላል። ደብተሩን ከፍቼ ሦስት መስመር እጽፋለሁ። በዚህ ዓመት ጊዜዬን የሰጠሁት ለማን ነው? ያስቀረሁት ከማን ነው? ይቅርታ የምጠይቀው ማንን ነው? አምና ሦስተኛው መስመር ላይ እማማና የማኅበሩ አሥር ሰዎች ነበሩ። አዲስ ዓመት ሳይገባ ለሁሉም አንድ በአንድ ደወልኩ፤ እማማን ግን ወርጄ ነው ያናገርኳቸው። ቡና አፍልተው ሦስተኛውን ሳልጠጣ አልለቀቁኝም። አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጀ።

በቀን አምስት እያላችሁ ዳዊትን ስትደግሙ የከረማችሁ ደግሞ አንድ ይቀራችኋል። በእኛ መዝሙረ ዳዊት 151ኛ አለ፤ ትንሹ እረኛ ጎልያድን ስለመጣሉ የሚናገረው። እሱን ለጳጉሜ አቆየዋለሁ። አጭር ነው። ሰልፍ ላይ ያልቃል።